እንግድነት የሚያበቃበት ደጃፍ

መስከረም አሥርን ከተሻገረ በኋላ መርካቶ ገብቶ የፈለጉትን ዕቃ ማግኘት ዕድል ይጠይቃል። ሸራ ተራም ምናለሽ ተራም የተቆለፈ ሱቅ ይበዛል። ጎረቤቱን «የት ሄደ?» ብሎ መጠየቅ የከተማዋን ወግ አለማወቅ ነው፤ ባለሱቁ ለመስቀል ወደ ጉራጌ፣ አገር ቤት ገብቷል። ሚስቱ፣ ልጆቹ፣ ሱቅ የሚያግዘው የወንድሙ ልጅ ሁሉም አብረውት ናቸው። ዓለምገና ላይ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፦ አንዱ በቱሉ ቦሎና በወሊሶ አድርጎ ወልቂጤ ይገባል፣ ሌላው አዋሽን ተሻግሮ በጢያና በቡኢ በኩል ቡታጅራ ያደርሳል። በእነዚያ ቀናት በሁለቱም ላይ ጣሪያው ፍራሽና ጀሪካን የተጫነበት ሚኒባስ እየተከታተለ ያልፋል። መናኸሪያ ውስጥ ከታሪፍ በላይ ተከፍሎም ወንበር አይገኝም።

የቤተሰብ ጉዞ ሲባል ዛሬ ዛሬ ቀድመው የሚታሰቡት ላንጋኖ፣ ቢሾፍቱና ሐዋሳ ናቸው። ሆቴል ይያዛል፣ ልጆች ይዋኛሉ፣ ፎቶ ይነሳል፣ እሁድ ማታ ይመለሳል። ደግ ነገር ነው፤ ነገር ግን ገና የጥቂቶች ነው። አብዛኛው ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ መንገድ የሚወጣው ምክንያት ሲኖረው ነው፦ ለቅሶ፣ ሠርግ፣ ስለት፣ ንግሥ፣ ጠበል። በታኅሣሥና በሐምሌ ወደ ቁልቢ፣ በመስከረም ወደ ግሸን የሚተመው ሕዝብ ለመዝናናት አልተነሳም። የመስቀል ጉዞ ከእነዚህ ሁሉ የሚለየው መድረሻው ቅዱስ ቦታ ባለመሆኑ ነው። መድረሻው ቤት ነው፤ ያውም ተጓዡ «የኔ» የሚለው፣ በዓመት ውስጥ ግን ከሁለት ሳምንት በላይ የማያድርበት ቤት።

ለእኔ እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ይጀምራል። አዲስ አበባ ተወልዶ ያደገ፣ ጉራጊኛው የተሰባበረ፣ ገጠሩን በዓመት አንዴ የሚያይ ልጅ ጉራጌ አገር፣ እምድብር ወይም አገና ሲደርስ ትናንት ከዚያ የወጣ ያህል ይረጋጋል። ከአሜሪካው ሲልቨር ስፕሪንግ ወይም ከስቶክሆልም ከወላጆቹ ጋር መጥቶ አያቱ ቤት ወር ሙሉ የሚከርም ልጅ ግን ብዙ ጊዜ እንደመጣ ይመለሳል። ሁለቱም ይወደዳሉ፣ ሁለቱም አገላብጠው ይሳማሉ፣ ለሁለቱም ይታረዳል። ልዩነቱን በቋንቋና በርቀት ማስረዳት የተለመደ ነው፤ ቋንቋውንማ የመጀመሪያውም ልጅ በቅጡ አይችለውም። እኔ እንደሚመስለኝ ሁለቱን የለያቸው የሚጠብቃቸው ነገር ነው። አንዱን ሥራ ይጠብቀዋል፣ ሌላውን ክብር።

ይህ የመስቀል ሥርዓት ከየት እንደመጣ ማየት ይጠቅማል። የጉራጌ አገር በዐፄ ምኒልክ ግዛት ሥር ከገባ በኋላ ግብር በገንዘብ መክፈል ግድ ሆነ። እንሰት ያጠግባል፣ ድርቅ ይችላል፤ ጥሬ ብር ግን አያመጣም። ስለዚህ ወጣቱ በእግሩ ቀናት ተጉዞ ወደ አዲሲቱ ከተማ ወጣ። ድንጋይ ተሸከመ፣ ጭቃ ረገጠ፣ እንጨት ፈለጠ፤ ቀስ በቀስም ሊስትሮና ሱቅ በደረቴ ሆነ፣ ከዚያ ሱቅ ከፈተ። ጣሊያን በወረራው ዘመን የአገሬውን ገበያ ከአራዳ ወደ ዛሬው መርካቶ ካዛወረ፣ አገሪቱም ነጻ ከወጣች በኋላ፣ ገበያው ውስጥ እያደር ቦታ ከያዙት ነጋዴዎች ብዙዎቹ እነዚህ ሰዎች ነበሩ።

ነገር ግን ከተማ የገባው ሰው ቤቱን ነቅሎ አልመጣም። ሚስቱና እንሰቱ ገጠር ቀሩ። እሱ ብር ያገኛል፣ እሷ እንሰቱን ትተክላለች፣ ትፍቃለች፣ ልጆች ታሳድጋለች። ቤቱ አንድ ነው፤ የሚሠራው ግን በሁለት ቦታ ነበር። በዓመት አንዴ፣ ክረምቱ ወጥቶ መንገዱ ሲደርቅ፣ ሁለቱ ወገኖች ተገናኝተው ሒሳብ ይተሳሰባሉ፦ ምን ተገኘ፣ ምን ጎደለ፣ ማን ታመመ፣ ማን ለትዳር ደረሰ፣ የትኛው ልጅ በመጪው ዓመት ወደ ከተማ ይሂድ። መስቀልን «ዘመድ ጥየቃ» ብሎ የሚገልጸው ሰው ይህን ይስታል። ነጋዴው የሚሄደው ራሱ ወደሚያስተዳድረው ቤት እንጂ ዘመድ ሊጠይቅ አይደለም።

መንገዱንም ራሳቸው ሠርተውታል ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የአካባቢው ተወላጆች መንገድ የሚያሠሩ ማኅበራት አቋቋሙ። ከእነዚህ ውስጥ የዓለምገና–ወላሞ መንገድ ሥራ ማኅበር በጥናት ጽሑፍ ጭምር ስሙ የሚነሳ ነው፤ አንትሮፖሎጂስቱ ፈቃዱ ገዳሙ የከተማና የገጠር ግንኙነት እንዴት ሳይበጠስ እንደቆየ ያጠኑት በዚህ ማኅበር ላይ ተመሥርተው ነበር። ዛሬ በቡታጅራ በኩል ወደ ሆሳዕናና ወላይታ ሶዶ የሚዘልቀው መስመር የዚያ ማኅበር አቅጣጫ ነው። ገንዘቡ ከነጋዴው፣ ከተቀጣሪው፣ ከቀን ሠራተኛውም መዋጮ ተሰበሰበ። በዚህ መንገድ ላይ ሚኒባስ ውስጥ ተጨናንቆ የሚሄደው የዛሬ ልጅ አያቱ ባዋጣበት መስመር እየተጓዘ መሆኑን ብዙ ጊዜ አያውቅም። የሚነግረው ቢያገኝ ጉዞው ትንሽ ባጠረለት ነበር።

ወደ በዓሉ እንምጣ። የመስቀል ዝግጅት የሚጀመረው ያለፈው መስቀል እንዳበቃ ነው። ሴቶቹ የቅቤ ዕቁብ አላቸው፤ ያዋጡትን ቅቤ በየተራ ይወስዳሉ፣ የደረሳትም ለመስከረም ታስቀምጣለች። ወንዶቹ ለበሬ ይቆጥባሉ፤ አቅም ያለው ብቻውን ይጥላል፣ አብዛኛው ግን ከወንድምና ከጎረቤት ጋር በቅርጫ ይካፈላል። ቆጮው አስቀድሞ ተፍቆ ጉድጓድ ገብቷል። እንሰት ከተተከለ በኋላ ለመፋቅ የሚደርሰው በአራት፣ በአምስት፣ አንዳንዴም በሰባት ዓመቱ ስለሆነ ዘንድሮ ማዕድ ላይ የቀረበው ቆጮ የተተከለው ዛሬ ሥጋ የሚያመላልሰው ልጅ ገና ድክ ድክ ሲል ነው። ቤቱ ይለቀለቃል፣ ግድግዳው ይታደሳል፣ ጣባው ከተሰቀለበት ይወርዳል። በሬው ከመታረዱ በፊት ጎመን ክትፎ የሚበላበት ቀን አለ፤ ለእኔ ከሁሉም የሚጥመው እሱ ነው፣ የሥጋው ወዳጆች ይቅር ይበሉኝ። ከዚያ እርዱ ይቀጥላል፣ ደመራው ይቀጣጠላል፣ መስከረም 17 ይውላል፤ ቀጣዮቹ ቀናት ደግሞ የጥየቃ ናቸው።

በዚህ ሁሉ ውስጥ ሥራ ፈት የለም። ከከተማ የመጣው ጎልማሳ ጨውና ቡና፣ ለእናቱ ነጠላ፣ ለአባቱ ካፖርት ይዟል፤ ይህ ግን ገና የመግቢያው ነው። አጥር የጠበቀ እንደሆነ ያያል፣ የዘመመውን ምሰሶ ያቃናል፣ በሬ ሊገዛ ገበያ ይወርዳል። ሚጥሚጣውና ኮረሪማው የሚፈጨው፣ አይቡ የሚወጣው፣ ክትፎው የሚከተፈው በቤተሰቡ እጅ ነው። ሊስትሮ የሚሠራው ልጅ ዓመቱን ያጠራቀማትን ቋጥሮ ሲመጣ ከአጎቱ ከባለሱቁ ያነሰ ቦታ አይሰጠውም፤ ድርሻው ትንሽ ናት፣ ግን የራሱ ናት።

ልጆቹስ? የጉራጌ መንደር ቤቶች ጀፎረ የሚባል ሰፊ የሣር መንገድ ግራና ቀኝ ይዘው የተሠሩ ናቸው። ጀፎረ የማንም የግል አይደለም፤ ከብት ያልፍበታል፣ ሠርግ ይታጀብበታል፣ ለቅሶ ይቆምበታል፣ ልጅ ይጫወትበታል። የማኅበረሰቡ ሕግ ማንም እንዳያጠበው፣ ማንም እንዳያርሰው ይጠብቀዋል። ከአዲስ አበባ የመጣው ልጅ ከመኪና እንደወረደ ወደዚያ ይለቀቃል። አያቱ ስማ ስታበቃ ትልከዋለች፦ ውኃ ቅዳ፣ ጥጃውን መልስ፣ እነ እገሌ ቤት ሂድና ጣባ ተውሰህ ና። የደመራ እንጨት ከእኩዮቹ ጋር ይሰበስባል። ጥጃው አልታዘዝ ሲለው፣ እንጨቱን አስሮ መሸከም ሲያቅተው የመንደሩ ልጆች ይስቁበታል። የሚሳቅበት ልጅ ዘመድ ነው፤ እንግዳ ላይ ማንም አይስቅም። በሚቀጥለው ዓመት ያው ልጅ አምና ያቃተውን ለታናሹ ያሳያል፤ አገር ቤት ማለት ለእሱ ያኔ ተጀመረ።

ትልልቆቹም ከዚህ አያመልጡም። ተጣልቶ ክትፎ መብላት ነውር ስለሆነ ከመስቀል በፊት ሽማግሌ ይቀመጣል። ከተማ የከረመው ሰው ወንድሙ ከጎረቤት ጋር በገባበት የድንበር ክርክር ውስጥ ቃሉን ይሰጣል፣ ዋስ ይጠራል፣ ካሣም ያዋጣል። «እኔ አዲስ አበባ ነው የምኖረው፣ አያገባኝም» የሚል መልስ እዚያ ሸንጎ ላይ አይሠራም። ወጣቶቹም የራሳቸው ጉዳይ አላቸው፤ በሶዶ ክስታኔ ከመስቀል በኋላ አዳብና በሚባለው ጨዋታ የሚተያዩ ብዙ ናቸው፤ ከተማ ላይ የሚፈጸመው ሠርግ ብዙ ጊዜ ሥሩ እዚያ ነው። በ2006 ዓ.ም. የመስቀል በዓል በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ሲገባ ብዙ የተወራው ስለ ደመራና ስለ መስቀል አደባባይ ነበር። ስለዚህኛው፣ ስለ ቤተሰቡ ሸንጎ፣ የተወራው ትንሽ ነው።

እስካሁን ያልኩት ሁሉ ግን በወንድ ዓይን የታየ ነው ብትይ አንባቢዬ፣ ልክ ነሽ። ሥራ ቤት ያደርጋል የሚለው ሐሳቤ መጀመሪያ የሚሰናከለው ምድጃው አጠገብ ነው። ባልየው ጀፎረው ላይ ከአብሮ አደጎቹ ጋር ሲጨዋወት ሚስትየዋ ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት ትከትፋለች፣ ትጋግራለች፣ ታጥባለች። በተለይ ከሌላ አካባቢ ተወልዳ ወደዚህ ቤተሰብ የገባች ሴት የመስቀልን ጉዞ በባሏ ፊት አድንቃ ለእህቷ ሌላ ነገር ልትነግር ትችላለች። የእሷን ያህል በዚያ ቤት የሠራ የለም፤ ሆኖም ዓመታት አልፈውም ምራት ነች። ሥራ ብቻውን ቤት አያደርግም ማለት ነው። ሥራው ድርሻ ሊኖረው ይገባል፦ በሬው ሲመረጥ መጠየቅ፣ ሽማግሌ ሲቀመጥ መሰማት፣ የተረፈውን ቅቤ ለማን እንደሚሰጥ መወሰን። ድርሻ የሌለበት ድካም ቤት ውስጥም ሎሌነት ነው፤ አማቶች ይህን የሚረዱበት ፍጥነት ከቤት ቤት ይለያያል።

ሥርዓቱ ለዚህም ቢሆን መልስ ቢጤ አለው። ዋናው በዓል ካለፈ በኋላ ያገባች ሴት ከባሏና ከልጆቿ ጋር ወደ ወላጆቿ ቤት ትሄዳለች። ቅቤና ስጦታ ተይዞ፣ አምሮ ተለብሶ ይኬዳል። እዚያ ስትደርስ ማጀት አትገባም። እናቷ «አረፍ በይ» ትላታለች፣ የወንድሞቿ ሚስቶች ያቀርቡላታል፣ እሷ ትበላለች። ትናንት አስተናጋጅ የነበረችው ዛሬ ተስተናጋጅ ሆነች። ባሏ ደግሞ እዚህ አማች ነው፤ አንገቱን ደፍቶ ይቀመጣል፣ ቃሉን ይቆጥባል። አንድ ቤተሰብ በአንድ ሳምንት ውስጥ በአንዱ ደጃፍ ባለቤት፣ በሌላው እንግዳ ይሆናል። እንግድነት በተራ የሚደርስ ዕረፍት ከሆነ መልካም ነው። ችግሩ የሚመጣው ተራው ሳይለወጥ ሲቀር ነው፤ አንዱ ሁልጊዜ አቅራቢ፣ ሌላው ሁልጊዜ ተቀባይ ሲሆን።

ውድነቱን ሳላነሳ ማለፍም አይገባኝም። በሬ፣ ቅቤ፣ ትራንስፖርት፣ ስጦታ ሲደመር የመስቀል ወጪ የብዙ ቤተሰብን ጓዳ ያናጋል። ተበድሮ የሚሄድ አለ፤ መሄድ አቅቶት ከሰው ዓይን ተሸሽጎ ከተማ የሚውልም አለ። ይህ የበዓሉ አስቀያሚ ገጽታ ነው። እውነቱን ለመናገር ግን ከሌላው ገጽታው የሚነጠል አይመስለኝም። መቅረቱ የሚያሳፍር ቦታ መገኘቱ የሚቆጠር ቦታ ነው። ላንጋኖ ባለመሄዱ የተሸማቀቀ ሰው አላጋጠመኝም።

አሁን ከባሕር ማዶ የሚመጣውን ቤተሰብ እንይ። ክረምት ላይ ወይም ለገና ቦሌ ይወርዳል። ሻንጣው በስጦታ የተሞላ ነው። አክስት፣ አጎት፣ የአክስት ልጅ፣ የጎረቤት ልጅ አውሮፕላን ማረፊያ ይጠብቃሉ። ከማግሥቱ ጀምሮ ግብዣው ይቀጥላል፤ ዛሬ እትዬ እገሊት ቤት ዶሮ፣ ነገ ጋሼ እገሌ ቤት ጥብስ። አሥራ ስድስት ዓመቷ የሆነ ልጅ ከማዕድ ተነስታ ሳህን ልታነሳ ስትል አክስቷ እጇን ትይዛለች፦ «ተይ የኔ እመቤት፣ አንቺ እንግዳ ነሽ፣ ቁጭ በይ!» ቃሉ ፍቅር ነው፤ ልጅቷ ግን የሰማችው ሁለተኛውን ክፍል ነው። የአክስቷ ልጆች ማጀት ገብተው እየተሳሳቁ ሲያጥቡ እሷ ሶፋ ላይ ስልኳን ይዛ ከሽማግሌዎች ጋር ትቀራለች። ሕይወቱ ማጀት ውስጥ ነበር።

ለእንግዳ የምንሰጠው ክብር የምንኮራበት ነው፤ ልንኮራበትም ይገባል። ግን ማን ላይ እንደምናውለው አናስተውልም። እንግዳን አልጋችንን ለቀን እናስተኛለን፣ ከድስቱ ብልቱን እናወጣለታለን፣ ችግራችንን ፊቱ አናወራም። ቤተሰብ ግን ችግር የሚወራበት ነው። ከውጭ የመጣው ልጅ ስለ አያቱ ሕመም የሚሰማው ከተመለሰ በኋላ በስልክ ነው፤ እዚህ ሳለ «እንዳይጨነቅ» ተደብቆለታል። ወላጆቹም ያግዛሉ፦ የታሸገ ውኃ፣ የኮንትራት መኪና፣ ሦስት ሳምንት ውስጥ ላሊበላም ጎንደርም። የአብራኩን ክፋይ አገሩን አስጎብኝቶ የሚመልስ አባት ጥሩ አስጎብኚ ሆኗል፤ ልጁም በደንብ የተስተናገደ ቱሪስት ሆኖ ይመለሳል።

መንግሥትም በራሱ መንገድ ይጠራል። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 270 የውጭ ዜግነት ላለው ትውልደ ኢትዮጵያዊ ቢጫ ካርድ የሚባለውን መታወቂያ ሰጠ፤ ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፣ አይመርጥም፣ አይመረጥም። ለ2014 ዓ.ም. ገና አንድ ሚሊዮን ሰው አገር ቤት እንዲገባ ጥሪ ተደረገ፤ ሆቴሎች ቅናሽ አወጁ፣ አቀባበሉ ደመቀ። ለሁለተኛው ትውልድ ደግሞ ለብቻው ጥሪ ተላለፈ። ጥሪው አያስከፋም። ነገር ግን ጥሪ ሲደርስህ ተጋባዥ ነህ። ወደ አገና የሚሄደውን የመርካቶ ነጋዴ ማንም አይጠራውም፤ ቢቀር ነው የሚጠየቀው።

የሚገርመው፣ ርስትም አያትም በሌለበት ቦታ ሥራና ድርሻ ቤት ሲያደርጉ ማየቱ ነው። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን ከ1984 በፈረንጆች ጀምሮ በየዓመቱ፣ የአሜሪካ የነጻነት በዓል በሚውልበት ሳምንት አካባቢ፣ የእግር ኳስ ውድድር ያዘጋጃል። ከተማው ይቀያየራል፦ ሲያትል፣ ዳላስ፣ አትላንታ፣ ሌሎችም። ቤተሰቡ በመኪና አሥርና አሥራ አምስት ሰዓት ነድቶ፣ ወይም በአውሮፕላን፣ አይቶት የማያውቀው ከተማ ይደርሳል። ስታዲየሙ ደጃፍ ላይ ድንኳን ተተክሏል፣ እጣን ይጨሳል፣ ቡና ይፈላል፣ እንጀራ ይሸጣል። ባልና ሚስት ሆነው ክትፎ የሚሸጡ አሉ፤ ልጆቻቸው ገንዘብ ይቀበላሉ፣ በረዶ ያመላልሳሉ። አባትየው የከተማውን ቡድን ማሊያ ለብሶ ይጮኻል። የመጨረሻዎቹ ቀናት ውስጥ የኢትዮጵያ ቀን ይከበራል። በሚቀጥለው ዓመት ሌላ ከተማ፣ ያው ሰው። ኳሱ ምክንያት ነው፤ ጨዋታውን ጀርባ ሰጥቶ የሚያወራው ተመልካች ቁጥር ይህን ይመሰክራል። ዳላስ ላይ በረዶ ስታመላልስ የዋለችው ልጅ አዲስ አበባ ላይ ሳህን እንዳታነሳ የተከለከለችው ልጅ ልትሆን ትችላለች። የቱ ጋ ቤቷ እንደሚመስላት መጠየቅ አያስፈልግም።

የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዳውያን) ታሪክ ደግሞ ነገሩን ይገለብጠዋል። በጎንደር አካባቢ፣ በአምቦበርና በሌሎችም ቦታዎች፣ ስግድ የሚባለው በዓል ሲደርስ ቤተሰቦች ከየመንደሩ ተነስተው፣ አንዳንዱም ቀናት በእግሩ ተጉዞ፣ ተራራ ይወጡ ነበር። ቄሶቹ ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ፣ ሕዝቡ ጾሞ ይሰግዳል፣ ወደ ኢየሩሳሌም ለመመለስ ይጸልያል፤ ከሰዓት በኋላ ወርዶ ጾሙን ይፈታል፣ ይበላል፣ ይጨፍራል። ግንቦት 1983 ዓ.ም. በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ ከ14,000 በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ ወደ እስራኤል ሲጓጓዙ ጸሎቱ የተመለሰ መሰለ። ስግድ ግን አልቀረም። ዛሬ ከመላው እስራኤል በአውቶቡስ ተጭነው ኢየሩሳሌም ውስጥ አሮጌዋን ከተማ ከሚያሳየው ከፍታ ላይ ይሰበሰባሉ፤ በ2008 በፈረንጆች የአገሪቱ ምክር ቤት ስግድን በሕግ ብሔራዊ በዓል አድርጎታል።

ቤታቸው ነው ብለው ሲናፍቁት የኖሩት ከተማ ደርሰውም ለምን ይጓዛሉ? አንዱ መልስ እምነት ነው፤ ጸሎቱ የንስሐና የቃል ኪዳን ማደስም ስለሆነ በመድረስ አያልቅም። ሌላው ደግሞ ቤተሰቡ የሚገናኝበት፣ አያት ነጭ ለብሳ ለልጅ ልጇ ቄሱን የምታሳይበት ቀን እሱ ስለሆነ ነው። እስራኤል የተወለዱት ወጣቶች በበኩላቸው ወደ ጎንደር፣ ወደ ወለቃና ወደ አምቦበር የሚያደርጉት ጉዞ አለ። የአያታቸውን ቤት ፍራሽ፣ የቀብር ቦታውን፣ ውኃ የተቀዳበትን ምንጭ ይፈልጋሉ። የሚያገኙት አቀባበል ሞቅ ያለ ነው። በጥንቃቄ ካየነው ግን እነሱም ከሲልቨር ስፕሪንግ እንደመጣው ልጅ ተስተናግደው ይመለሳሉ። መቃብሩን የሚያጸዳ ቡድን ይዞ የሚመጣ ወጣት፣ አጥሩን የሚያሠራና ስም የሚጽፍ፣ የተለየ ነገር ይዞ የሚመለስ ይመስለኛል።

ከዓረብ አገር ስለሚመለሱት እህቶች ረጅም መጻፍ ይቻላል፤ እዚህ በአጭሩ ላንሳ። እነሱ በአሠሪያቸው ቤት ሥራ አላቸው፣ ድርሻ የላቸውም። በላኩት ገንዘብ በተሠራው ቤት ደግሞ ድርሻ አላቸው፣ ኑሮ የላቸውም። ኮንትራቱ አልቆ ሲመጡ ሳሎኑን እንደ እንግዳ ይጎበኙታል። በሁለቱም ደጃፍ ላይ ግማሽ የሆነ ሰው ከእነሱ በላይ አላውቅም።

አዲስ አበባም ራሷ ቋሚ አድራሻ መሆኗ እየቀረ ነው። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ካዛንቺስ ሲፈርሱ አንድ ግቢ ውስጥ ሁለትና ሦስት ትውልድ የኖሩ ቤተሰቦች ወደተለያዩ የከተማዋ ዳርቻዎች ሄዱ። ዕድሩ ተበተነ፣ ዕቁቡ ሰብሳቢ አጣ፣ ልጆች ትምህርት ቤት ቀየሩ። ከእነዚህ ውስጥ መስከረም ላይ የሚሄዱበት የገጠር ደጃፍ ያላቸው ቢያንስ አንድ ያልተነቃነቀ ቦታ አላቸው። የከተማው ቤት የሚቀያየር ማረፊያ፣ በዓመት ሁለት ሳምንት የሚታየው ቤት ደግሞ ቋሚው የሆነበት ዘመን ላይ ደርሰናል።

ቋሚ የሚያደርገው ግን ማን ነው? ለብዙ ቤተሰብ አንዲት አሮጊት ናት። እንሰቱን የምትተክለው፣ ጀፎረው ላይ የሚሆነውን የምትከታተለው፣ ለቅሶ የምትደርሰው፣ ዕቁቡን የምትጥለው እሷ ናት። እሷ ስታልፍ ቤቱ በሕግም በተግባርም ፈተና ላይ ይወድቃል። ሕገ መንግሥቱ መሬት እንዳይሸጥ ይደነግጋል። ለሁለት አሥርት ዓመታት ገደማ ሲሠራበት የቆየው የገጠር መሬት አዋጅ ቁጥር 456/1997 ይዞታው በውርስ የሚተላለፍለትን የቤተሰብ አባል የሚተረጉመው ከባለይዞታው ጋር በቋሚነት አብሮ የሚኖርና መተዳደሪያውን የሚጋራ ብሎ ነበር። በየዓመቱ በሬ የሚገዛው የመርካቶ ልጅ በዚህ ትርጉም ቤተሰብ መሆኑን ማስረዳት ይቸገር ነበር። ሕጉ ለአራሹ ማድላቱ ተገቢ ነው፤ መሬት የሚያስፈልገው ለሚኖርበት ነው። ሆኖም ሁለት ቦታ የሚኖር ቤት መኖሩን ሕጉ አላሰበም።

ቤተሰቦች መልሱን በየራሳቸው እየፈለጉ ነው። አንዳንዱ ጋ ከወንድሞች መሐል በዕድሜ የገፋው ሱቁን ለልጁ ትቶ ይመለሳል፤ የከተማ ሚስቱ እንሰት መፋቅ ስለማትችል ሠራተኛ ይቀጠራል፣ እሱ ግን ሸንጎ ላይ ይቀመጣል። ሌላው ጋ አንዲት የአጎት ልጅ ቤቱን ይዛ ትኖራለች፤ ወጪው ከከተማ ይላካል። ብዙዎቹ ጋ ደግሞ በብሎኬት የተሠራ ባለ ቆርቆሮ ቤት፣ ባለ ብረት በር፣ ዓመቱን ሙሉ ተቆልፎ ዘበኛ ይጠብቀዋል። ዘበኛው ጓሮው ውስጥ ሚስትና ልጆች አሉት። እንሰቱን እነሱ ይፍቃሉ፣ የጎረቤት ለቅሶ እነሱ ይደርሳሉ፣ የደመራውን እንጨት ልጆቹ ያቀርባሉ። ከአሥር ዓመት በኋላ የዚያ ቤት ሰው ማነው ተብሎ ቢጠየቅ መንደርተኛው የማንን ስም እንደሚጠራ ባለንብረቱ ከአሁኑ ቢያስብበት አይከፋም።